ትንሿን ሽጉጥ ማን ታጠቃት?

በአንድ የንባብ ወዳጆች ጉባኤ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከጥቂት የቃላት እርማት በቀር እንደተናገርሁት አስቀምጬዋለሁ።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከኋላ ረድፍ የተቀመጣችሁ ወጣቶች፣ እንደምን አመሻችሁ? በዚህ ዝናብ ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። መድረኩን ለሰጡኝ አስተባባሪዎችም ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

የንግግሬ ርእስ ሲነበብ የአንዳንዶቻችሁ ግንባር እንደተቋጠረ አይቻለሁ። እውነት አላችሁ። አገራችን የጥይት ድምፅ የጠገበች አገር ናት፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ ተቀምጠን ስለ ሽጉጥ እንስማ? ታገሡኝ። ስለ ብረቱ ጥቂት፣ ብረቱን ስለታጠቀው ሰው ብዙ እናገራለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ነገሩ የሆነው እዚያ ነውና።

በቤታችን አንድ የእንጨት ሣጥን ነበረ። አባቴ በደርግ ዘመን በስንቅና ትጥቅ ክፍል የሚያገለግል መቶ አለቃ ነበር። በሣጥኑ ውስጥ በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለች ማካሮቭ ሽጉጥ ነበረችው። እኔ ልጅ ሆኜ አባቴ በዚያች ሽጉጥ ጦር ሜዳ ገብቶ የሚዋጋ ይመስለኝ ነበር፤ ለሰፈሩ ልጆችም እንዲያ ብዬ አውርቻለሁ። አንድ እሑድ ዘይት ሲቀባት አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ «አባዬ፣ በዚህች ስንት ጠላት ጣልክ?» አልሁት። ጨርቁን አስቀመጠ። ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያም፣ «ልጄ፣ የሚዋጋው ክላሽንኮቭ የያዘው ልጅ ነው። ይህቺ ሹመት ናት» አለኝ።

ይህቺ ሹመት ናት። ይህን ቃል ያዙልኝ፤ ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

ንግግሬን በሦስት እከፍለዋለሁ። አንደኛ፣ የጀርመኗ ትንሽ ሽጉጥ ምን ዓይነት ነበረች? ሁለተኛ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ማን ታጠቃት? ሦስተኛ፣ ማን ላይ ተተኮሰች? ሁለተኛው ይረዝማል። ሦስተኛው ይከብዳል።

እንግዲህ ከአንደኛው ልጀምር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ለትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን ከተላኩት ኢትዮጵያውያን ወጣቶች አንዱ ነበርሁ። ዕጣዬ የደረሰው በቱሪንገን ደን ውስጥ ያለችው ኢልሜናው ከተማ ነበረች፤ የተማርሁትም የማሽን ምህንድስና ነው። ከኢልሜናው ደኑን አቋርጦ የሚሄድ መንገድ አለ፤ ዙል ወደምትባል ከተማ ያደርሳል። ከዙል አጠገብ ደግሞ ጼላ ሜሊስ አለች። እነዚህ ሁለት ትንንሽ ከተሞች ለዘመናት የኖሩት ጠመንጃና ሽጉጥ በመሥራት ነው። በዙል ከተማ የጦር መሣሪያ ሙዚየም አለ። በ1987 ዓመት አንድ ቅዳሜ ከመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ጋር ልናየው ሄድን። ጓደኛዬ ፖላንዳዊ ነበር። እርሱን አትርሱት፤ በመጨረሻ እርሱን እጠራዋለሁ።

በመስታወት ሣጥኖቹ መካከል ስዘዋወር አንዲት ሽጉጥ አየሁና ቆምሁ። የአባቴ ማካሮቭ ናት! እዚህ ምን ትሠራለች? ጠጋ ብዬ ጽሑፉን ሳነብ ግን «ዋልተር ፔ ፔ፣ ጼላ ሜሊስ» ይላል። ሽጉጧ ለሙዚየሙ ጎብኚ እንድትታይ ተፈታታ ተቀምጣለች፤ አፈታቷም አባቴ በእሑድ ጧት የሚያደርገው ነው። የቃታው ቀለበት ወደ ታች ይሳባል፤ የላይኛው ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ተስቦ ወደ ላይ ይነሣል፤ በርሜሉ ከአካሉ ጋር እንደተጣበቀ ይቀራል፤ ሞላው በርሜሉን እንደ ቀለበት ከብቦ ይቀመጣል። ምሥጢሩን ኋላ ላይ ተረዳሁት። ሶቪየቶች በ1951 የተቀበሉትን የማካሮቭን ሽጉጥ የነደፈው ኒኮላይ ማካሮቭ መነሻ ያደረገው የጀርመኑን ፔ ፔ ነበር። ከደቡብ እስከ ሰሜን የእኛ መኮንኖች የታጠቋት ማካሮቭ የጼላ ሜሊሷ ሽጉጥ የልጅ ልጅ ናት ማለት ነው። ለዚህ ነው ይህ ታሪክ ሩቅ አገር ሆኖ ሩቅ የማይሆንብኝ።

የጀርመን ጦር መደበኛ ሽጉጦች ሁለት ነበሩ። አንዷ ሉገር የምትባለው፣ ጦሩ በ1908 የተቀበላት ናት። ሁለተኛዋ እርሷን እንድትተካ በ1938 የመጣችው የዋልተር ፋብሪካ ሽጉጥ ናት። ሁለቱም 9 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥይት የሚተኩሱ ናቸው። ለተዋጊ የተሠሩ፣ ከባድና ኃይለኛ ሽጉጦች ናቸው። እኔ ትንሿ የምላት ግን 7.65 ሚሊ ሜትሯን፣ አንዳንዴም ከዚያ የምታንሰውን 6.35 ሚሊ ሜትሯን ነው። የ7.65ቷ ጥይት ኃይል ከ9 ሚሊ ሜትሯ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጥይቷን የፈጠረው አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ ሲሆን፣ መጀመሪያ ለዓለም ያስተዋወቃት በቤልጅየም ኤርስታል ያለው ፋብሪካ ነው። ይህን ፋብሪካ አታውቁትም? ታውቁታላችሁ! አያቶቻችን «በልጅግ» እያሉ ያሞገሱት ጠመንጃ የወጣው ከዚያው ነው።

ጥይቷ ቀላል ስለሆነች ሽጉጧም ቀላል ሆና ትሠራለች። የተንሸራታቹ ብረት ክብደትና አንድ ሞላ የተኩሱን ግፊት ለመቻል ይበቃሉ። 9 ሚሊ ሜትሯ ግን በርሜሉንና ተንሸራታቹን በተኩሱ ቅጽበት ቆልፎ የሚይዝ ተጨማሪ ሥራ ትፈልጋለች፤ ስለዚህ ትከብዳለች፣ ትወፍራለች፣ ዋጋዋም ይጨምራል። ሉገር ወደ 870 ግራም ትመዝናለች። ከፔ ፔ ጥቂት ቆይታ የወጣችው አጭሯ ፔ ፔ ካ ግን 600 ግራም አትሞላም። በኮት ኪስ ትገባለች። በጠረጴዛ መሳቢያ ትገባለች። በእጅ ቦርሳ ትገባለች።

በ1929 የወጣችው ፔ ፔ ሌላም ጥበብ ይዛ መጣች። ከዚያ በፊት ጥይት የጎረሰች ሽጉጥ መዶሻዋ ተነሥቶ በመጠበቂያ ቁልፍ ታግዶ ነበር የሚሸከሟት፤ ወይም ባዶዋን ተሸክመው በችግር ጊዜ ማጉረስ ነበረባቸው። በዚህችኛዋ ጥይቱ ጎርሶ፣ መዶሻው ተኝቶ ያለ ስጋት ትያዛለች፤ ባለቤቷ ሲፈልግ ቃታውን ረዘም አድርጎ ሲስብ መዶሻው ራሱ ተነሥቶ ይመታል። አስቡት እስቲ፤ ይህ ጥበብ ለማን ይጠቅማል? በምሽግ ውስጥ ቀንና ሌሊት ለሚተኩስ ወታደር ነው? ቀኑን ሙሉ ሳይተኩስ ለሚውል፣ ግን በማንኛውም ቅጽበት ሰው ፊት አውጥቶ ሊደግን ለሚፈልግ ሰው ነው። ለፖሊስ ነው። ስሟም የፖሊስ ሽጉጥ ማለት ነው። የአጭሯን የመጨረሻ ፊደል ገሚሱ «ወንጀል መርማሪ» ብሎ ይፈታዋል፤ ገሚሱ «አጭር» ይለዋል። ሲቪል ልብስ የሚለብስ መርማሪ ኮቱ ሥር እንዲሸሽጋት የተሠራች መሆኗን ግን ሁሉም ይስማማል።

እህቶቿን በስም ጠርቼ ልለፍ። በዙል ያለው የዛወር ፋብሪካ በ1938 የራሱን 7.65 አወጣ፤ የተነሣን መዶሻ በአውራ ጣት ቀስ አድርጎ የሚያስተኛ መቆጣጠሪያ ያላት እጅግ ብልህ ሥራ ናት፤ እንደ መሐንዲስ ከጠየቃችሁኝ ከሁሉም የተሻለችው እርሷ ናት። በኦበርንዶርፍ ያለው ማውዘር ደግሞ ከ1940 ጀምሮ ኤች ኤስ ሲ የምትባለውን ሠራ። አንደኛው ነጥብ ይህ ነው፤ ብረቱ ይበቃናል።

አሁን ወደ ሁለተኛው፤ ማን ታጠቃት?

መልሱን ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እንጀምር። በ1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ ጀርመን በቂ ሉገር አልነበራትም። ያለውን ሁሉ ለግንባር ሰጡና ከግንባር ጀርባ ላለው ሠራዊት ትንንሾቹን 7.65 በብዛት ማሠራት ጀመሩ። ድራይዘ፣ ቤሆላ፣ ላንገንሃን፣ የ1914ቷ ማውዘር፣ የ1913ቷ ዛወር፣ ስማቸው ብዙ ነው። የታጠቋቸው የጦር ሠፈር መኮንኖች፣ የጋሪና የመኪና ነጂዎች፣ የሕክምና ክፍል ሰዎች ነበሩ። ልብ በሉ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ትንሿ ሽጉጥ ከግንባር ጀርባ ለሚቆም ሰው የተሰጠች ናት።

በሁለተኛው ጦርነት ይህ ልማድ ሰፋ። ጀርመናዊ መኮንን ሽጉጡን ብዙ ጊዜ በራሱ ገንዘብ ይገዛ ነበር። የራሱ ገንዘብ ሲሆን ምን ይመርጣል? ዕቅድ ክፍል ውስጥ ካርታ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚውል ኮሎኔል አንድ ኪሎ የሚጠጋ ብረት ወገቡ ላይ ምን ያደርግለታል? ፔ ፔ ካ ይገዛል። ጄኔራሎቹም እንዲሁ። በነገራችን ላይ ይህ የጀርመኖች ብቻ ጠባይ አልነበረም። የአሜሪካ ጦር ጄኔራሎቹን ያስታጠቃቸው በዚያችው በብራውኒንግ ጥይት በምትሠራ ትንሽ የኮልት ሽጉጥ ነበር። ተራ ወታደሩ ትልቋን 11.43 ሚሊ ሜትር ኮልት ሲይዝ ጄኔራሉ ትንሿን ይይዛል! ማዕረግ ሲጨምር የጥይቱ መጠን ይቀንሳል። አባቴ ይህን አላነበበም፤ ግን ያውቀው ነበር። ይህቺ ሹመት ናት።

ፍትሐዊ ልሁን፤ ሁሉም ባለ ትንሽ ሽጉጥ ቢሮ የሚውል አልነበረም። የአየር ኃይሉ አብራሪዎችና የአውሮፕላን ባልደረቦች በጠባብ ወንበር ላይ፣ ወፍራም ልብስ ለብሰው፣ የጃንጥላ ማሰሪያ ተጠምጥሞባቸው የሚቀመጡ ነበሩ። አውሮፕላናቸው ተመትቶ በጠላት አገር ቢወርዱ ከምንም ይሻላል ተብላ ትንሿ ተሰጠቻቸው። ለዚሁ አየር ኃይል ሃንጋሪ ውስጥ ሽጉጥ አሠርተዋል፤ ጀርመኖቹ ሃንጋሪዎቹ የማይጠቀሙበትን የመጠበቂያ ቁልፍ በግራ በኩል አስጨምረው ነው የተረከቡት። ለአብራሪው የማዝንለት ጊዜ አለ። ከሰማይ ወድቆ ከዚያች ጋር ብቻውን የሚቀር ሰው ነው።

ግን ከአብራሪው ይልቅ የበዛውን ባለ ሽጉጥ ማየት ከፈለጋችሁ ማኅተሙን አንብቡ። በጦርነቱ ዘመን የተሠራ የጀርመን ሽጉጥ በብረቱ ላይ የባለቤቱ መሥሪያ ቤት ይታተምበታል። ንስር ከነቁጥሩ ካለ ጦር ሠራዊቱ ተረክቧታል። ንስርና «ትሴ» ወይም «ኤፍ» ፊደል ካለ የፖሊስ ናት። ቀጥሎ ያለውን ስሙ። «ኤር ኤፍ ፋው» የሚል ፔ ፔ አለ፤ የመንግሥት ፋይናንስ አስተዳደር ማለት ነው፤ ቀረጥና ጉምሩክ። «ዴ ኤር ፔ» የሚል አለ፤ ፖስታ ቤት! የሙኒክ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት የራሱን ሦስት ፊደላት አትሟል። የናዚ ፓርቲው ደግሞ ገና ከጦርነቱ በፊት የራሱ የዕቃ ግዢ መሥሪያ ቤት ማኅተም የታተመባቸውን ፔ ፔ ካዎች ያድል ነበር። ኋላም ለፓርቲው የፖለቲካ ሹማምንት የተለየ ፔ ፔ ካ ተሠራላቸው፤ እጀታው ላይ ንስርና ስዋስቲካ ተቀርጾበታል፤ የክብር መሣሪያ ይሉታል።

እስቲ አንድ ጊዜ ቆም ብለን እናስብ። አንድ የወረዳ የፓርቲ ሹም፣ ጦር ሜዳ የማይሄድ፣ ሥራው ማን በስብሰባ ላይ እንደቀረና ማን ምን እንዳለ መመዝገብ የሆነ ሰው፣ ሽጉጥ ለምን ያስፈልገዋል? ማን ሊመጣበት? ጠላት እኮ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ነው ያለው። ሽጉጧ የምትታየው ለጎረቤት ነው። ለዳቦ ጋጋሪው ነው። ወረፋ ለቆመችው ሴት ነው። የሹም ዶሮ እሽ አይሏትም እንላለን እኛ፤ ያች ሽጉጥ የሹም ዶሮ ነበረች። ሳትተኩስ ትሠራለች። አፎቷ ብቻ ይሠራል። ከመካከላችን ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠች ሽጉጥ አይቶ የሚያውቅ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። ሌላ አልጨምርም።

የጀርመን ፋብሪካዎች አልበቁም። በቼኮች አገር በስትራኮኒትሴ ያለው ፋብሪካ ከ1939 በኋላ በጀርመኖች እጅ ሆኖ የቼኮችን 7.65 በመቶ ሺዎች ሠራ። ኤርስታልም ከ1940 በኋላ ለጀርመን ሆነ፤ የ1922ቷ ብራውኒንግ ለወራሪው በብዛት ተመረተች። ጣሊያን በ1943 ከጦርነቱ ስትወጣ ጀርመኖች የቤሬታን ፋብሪካም ያዙ፤ አርበኞቻችን ከጣሊያን መኮንኖች የማረኳትን ዓይነት ቤሬታ ለራሳቸው አሠሩ። ግማሽ አውሮፓ ለሹማምንት ሽጉጥ ይሠራ ነበር ብል አላጋነንሁም።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ልቤ ውስጥ የቆየ ነገር ነው።

ኢልሜናው ሳለሁ ያገለገለ ሞተር ብስክሌት ገዛሁ። ሲምሰን ይባላል፤ በምሥራቅ ጀርመን የኖራችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ድምፁ እንደ ንብ ነው። የተሠራው በዙል ነው። በመጀመሪያው በጋ ደኑን በርሱ ላይ ተቀምጬ አዳርሼዋለሁ፤ እንደዚያ ዓይነት ነፃነት ተሰምቶኝ አያውቅም። ክፍል ያከራየኝ የነበረ አንድ አዛውንት ነበር። በጦርነቱ ዘመን ልጅ ሳለ በጼላ ሜሊስ የዋልተር ፋብሪካ በሞረድ ብረት እያለሰለሰ ሙያ የተማረ ሰው ነው። አንድ ማታ ሞተሩን ስጠርግ መጥቶ በቤንዚን ታንከሩ ላይ ያለውን ስም በጣቱ ነካና፣ «ይህ የማን ስም እንደሆነ ታውቃለህ?» አለኝ። የፋብሪካው ስም ነው አልሁት። «የሰዎች ስም ነው» አለኝ።

ሲምሰኖች በዙል ከ1856 ጀምሮ የሠሩ አይሁዳዊ ቤተሰብ ነበሩ። ከመጀመሪያው ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ውል ጀርመንን ከ100,000 የማይበልጥ ሠራዊት ብቻ ሲፈቅድላት ለዚያ ሠራዊት ሉገር እንዲሠራ ፈቃድ የተሰጠው የእነርሱ ፋብሪካ ነበር። ትንሽ 6.35 የኪስ ሽጉጥም ሠርተዋል። ናዚዎቹ ሥልጣን ሲይዙ የቱሪንገን ገዢ ፍሪትዝ ዛውክል ዓይኑን ጣለባቸው። በ1935 እና በ1936 ፋብሪካቸው ተነጠቀ፤ ቤተሰቡ ወደ ስዊዘርላንድ፣ ኋላም ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ፋብሪካው የጉስትሎፍ ድርጅት ተባለ። ይኸው ድርጅት በጦርነቱ ጊዜ በቡከንቫልድ የማጎሪያ ካምፕ አጠገብ ጠመንጃ በእስረኞች እጅ ያሠራ ነበር። ዋልተርም በሐምቡርግ አቅራቢያ ባለው የኖየንጋመ ካምፕ እንዲሁ አድርጓል። ዛውክል ከ1942 ጀምሮ ከመላው አውሮፓ በግዳጅ ሠራተኛ የሚያስግዝ ባለ ሙሉ ሥልጣን ሹም ሆነ፤ በ1946 በኑረምበርግ ተሰቀለ።

አዛውንቱ ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ድምፁን አላነሣም። በመጨረሻ አንድ ነገር ጨመረ። «መጀመሪያ ስገባ እያንዳንዷ ሽጉጥ ፊት እስኪያሳይ ድረስ እናለሰልስ ነበር። እየቆየ የሞረዱ ጭረት እንዳለ መውጣት ጀመረ። ጥድፊያ ነበር። ግን ትእዛዙ አይቆምም፤ ግንባሩ እየጠበበ የሽጉጥ ፈላጊው ሹም ቁጥር እየጨመረ ይሄዳል።» በሙዚየምም ብትመለከቱ የ1944 እና የ1945 ሽጉጦች ሸካራ ናቸው። እጃችሁን ብታሳልፉባቸው የሠሪው ጥድፊያ ይሰማችኋል።

ከዚያ ማታ በኋላ ሞተሩን ስነዳ ስሙን ሳላነብ ተነሥቼ አላውቅም።

ወደ ሦስተኛው ልምጣ፤ ማን ላይ ተተኮሰች?

በጦር ሜዳ የረባ ሥራ እንዳልሠራች ከነገርኋችሁ ትረዱታላችሁ። ከ20 ሜትር በላይ ርቆ ለሚተኩስ ጠላት ትንሿ ሽጉጥ መልስ የላትም። መልስ ያላት በአንድ እርምጃ ርቀት ለቆመ ሰው ነው፤ ያም ሰው እጁ የታሰረ ከሆነ ይበልጥ ይመቻታል። በፖላንድና በሶቪየት ምድር ሕዝብ በጅምላ በተረሸነባቸው ጉድጓዶች አፍ ላይ ከነበሩት የጀርመን ፖሊሶች መካከል ከጦርነቱ በኋላ በፍርድ ቤት የቀረቡት ይህን ተናግረዋል። ጠመንጃው ካለፈ በኋላ ገና ትንፋሽ ያለውን ሰው የሚጨርሰው ሽጉጥ የያዘው ነው።

በኋላም ሽጉጧ ወደ ባለቤቶቿ ዞረች። ኤፕሪል 30 ቀን 1945 በበርሊን ምድር ቤት ሂትለር ራሱን የገደለው በ7.65 ፔ ፔ ካ ነው። ሚሊዮኖችን ለታንክና ለመድፍ የገበረ ሰው በመጨረሻ የቀረችው የመርማሪ ፖሊስ ሽጉጥ ነበረች። በእነዚያ ሳምንታት ብዙ ሹማምንት ተከትለውታል፤ ያችን የክብር መሣሪያቸውን እያወጡ።

አሁን ወደ ፖላንዳዊው ጓደኛዬ ልመለስ። አትርሱት ብያችሁ ነበር።

የእናቱ አባት ፖሊስ ነበር። በሴፕቴምበር 1939 ጀርመን ከምዕራብ፣ ሶቪየት ኅብረት ከምሥራቅ ፖላንድን ሲካፈሏት በሶቪየቶች እጅ ወደቀና ኦስታሽኮቭ ወደሚባል የእስረኞች ካምፕ ተወሰደ። ከዚያ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። በ1940 ጸደይ ደብዳቤው ቆመ። አያቱ መጨረሻዋ ድረስ በገና ማዕድ ላይ የርሱን ሳህን ታስቀምጥ ነበር።

በ1943 ጀርመኖች በስሞሌንስክ አቅራቢያ ካቲን በሚባል ደን የፖላንድ መኮንኖች የተቀበሩባቸውን ጉድጓዶች አገኙ። ዓለምን ጠሩ፤ ገዳዮቹ ሶቪየቶች ናቸው አሉ። እውነት ነበር። ግን ሬሳዎቹ መካከል የተገኙት የጥይት ቀለሆች 7.65 ነበሩ፤ ቂጣቸው ላይም የታተመው «ጌኮ» ይላል፤ የጀርመን ፋብሪካ ነው። ያ ፋብሪካ ከጦርነቱ በፊት ለሶቪየትና ለጎረቤቶቿ ጥይት ይሸጥ ነበር። የናዚዎቹ የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ጎብልስ ይህን ሲሰማ ጠላት እንዳይጠቀምበት ተጨንቆ በማስታወሻው ጽፏል። እንደፈራውም ሶቪየቶች በ1944 የራሳቸውን ኮሚሽን አቋቁመው ጥፋቱን በጀርመን ላይ አላከኩ። ጥይቱ ጀርመናዊ፣ ሽጉጡ ጀርመናዊ፣ ተኳሹ ግን የሶቪየት የጸጥታ ሰው። ማስረጃው ራሱ እንዴት እንደሚዋሽ አያችሁ? ማኅተሙን አንብቡ ብዬ ነበር፤ ማኅተም የሠሪውን ስም ይነግራል፤ ቃታ የሳበውን አይነግርም።

ወደ ሃምሳ ዓመት ያህል በምሥራቁ ዓለም ስለዚህ ጮክ ብሎ የተናገረ የለም። ጓደኛዬ ለእኔም የነገረኝ በደኑ መካከል፣ ሞተሩን አጥፍተን በቆምንበት ነበር። ኤፕሪል 13 ቀን 1990 ሞስኮ ኃላፊነቱን አመነች። እኔ ያን ዕለት ትምህርቴን ጨርሼ የመመለሻ ጊዜዬን እጠብቅ ነበር። ጓደኛዬ ጋዜጣ ይዞ ገባ። አላለቀሰም። ጋዜጣውን አልጋው ላይ ዘረጋውና ፖላንዳውያኑ ታስረው የነበሩባቸውን የሦስቱን ካምፖች ስም በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤ ኦስታሽኮቭ የሚለው ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። እጁን ያዝሁት። ሌላ ምን ይባላል?

ከተለያየን ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ደብዳቤ ላከልኝ። በ1940 የሩሲያዋ የካሊኒን ከተማ ጸጥታ ኃላፊ የነበረው ቶካሬቭ በ1991 ለመርማሪዎች ቃል ሰጥቶ ነበር። የኦስታሽኮቭ እስረኞች፣ ከ6,000 በላይ ሰዎች፣ በካሊኒን በጸጥታ መሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት አንድ በአንድ ከኋላቸው ተተኩሶባቸዋል። ከሞስኮ የመጣው የገዳዮቹ አለቃ ብሎኪን የቆዳ ሽርጥ ለብሶ ይሠራ ነበር፤ ሽጉጦቹንም በሻንጣ ሞልቶ ነው የመጣው። ሻንጣ ሙሉ ዋልተር። በዚያ ጸደይ በአጠቃላይ ወደ 22,000 የሚጠጉ ፖላንዳውያን በሶቪየት ትእዛዝ ተገድለዋል። ጓደኛዬ በደብዳቤው የጻፈልኝ አጭር ነው። «አብረን በመስታወት ያየናቸውን ታስታውሳለህ? አንተ የአባትህን ሽጉጥ አየሁ ብለህ ደስ ብሎህ ነበር። እኔም የአያቴን አይቻለሁ፤ ያን ቀን ግን አላወቅሁም።»

ወዳጆቼ፣ ይህን ደብዳቤ ባነበብሁበት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ማን ታጠቃት ብሎ የጠየቀኝ ሰው ሁሉ ጀርመናዊ መኮንን፣ አብራሪ፣ ፖሊስ የሚል መልስ ይጠብቃል። እኔ ግን ያን ሻንጣ አያለሁ።

አባቴ ያኔ በሕይወት ነበር። ደርግ በ1991 ሲወድቅ እንደ ጓዶቹ ሁሉ መሣሪያ አስረክብ ተብሎ ሽጉጧን አስረክቧል። በማግስቱ ጧት ሄጄ ደብዳቤውን ተረጎምሁለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ተነሣና ያን የእንጨት ሣጥን ከፍቶ፣ ሽጉጧ የነበረችበትን ነጠላ ፈትቶ፣ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የማስረከቢያ ደረሰኙ ነው። «አንብበው» አለኝ። «ማካሮቭ ሽጉጥ 1፣ ካዝና 2፣ ጥይት 16» ይላል።

አንዷ ካዝና ስምንት ጥይት ትይዛለች። ሲሰጡት 16፣ ሲመልስም 16።

ወረቀቱን ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ፤ ሊያየው የሚፈልግ ካለ ወደ ፊት ይምጣ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።